ስንት ጎረቤት እንዳለን የሚወስነው መንገዱ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ለበርጫ ተቀምጦ የድሮውን ማንሳት ከጀመረ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ጉርብትና ጠፋ። ድሮ ጨው ሲያልቅ ከጎረቤት ይመጣ ነበር። በዒድም በፋሲካም ሳህን ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጣው መጀመሪያ ያየው ሰው ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል። ለምን ቢባል መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው ከፋ፣ ኑሮ ተወደደ፣ ስልክ መጣ።

እነዚህ ምክንያቶች ውሸት ናቸው አልልም። ነገር ግን አብሯቸው መነሳት ሲገባው ሁልጊዜ የሚዘለል ምክንያት አለ፤ እሱም ደጃችን ላይ ያለው መንገድ ነው። ጠባያቸውም ገቢያቸውም የሚመሳሰል ሁለት ቤተሰቦች እንውሰድ። አንዱ ባጃጅ እንኳ በማይገባበት፣ መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ጉራንጉር ውስጥ፣ ሌላው ሲኖትራክ በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ቤት ተከራየ እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ የምታውቋቸውን ጎረቤቶች ቁጠሩ ብንላቸው መልሳቸው እኩል አይመጣም። ልዩነቱን ያመጣው የልባቸው ደግነት ወይም ክፋት አይደለም። ይህ ደግሞ በስሜት የሚነገር ነገር ብቻ ሳይሆን ተጠንቶ በቁጥር የታየ ነው።

ጥናቱን የመራው ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የከተማ ንድፍ ያስተምር የነበረ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚቀራረቡና የሚመሳሰሉ ሦስት መንገዶችን መረጠ። ትልቁ ልዩነታቸው የሚያልፍባቸው የመኪና ብዛት ነበር። በአንደኛው በቀን 2,000 ገደማ፣ በሁለተኛው 8,000 ገደማ፣ በሦስተኛው 16,000 ገደማ ተሽከርካሪ ያልፋል። ከዚያ ነዋሪዎቹ ተጠየቁ። እዚህ መንገድ ላይ ስንት ወዳጅ አላችሁ? የምታውቁትስ ስንት ሰው ነው? ቤቴ፣ ሰፈሬ የምትሉት ከየት እስከ የት ነው?

መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ አንድ ነዋሪ በአማካይ 3 ወዳጅና 6.3 የሚያውቀው ሰው ነበረው። በመካከለኛው መንገድ ወዳጅ ወደ 1.3፣ የሚያውቀው ሰው ወደ 4.1 ወረደ። መኪና በሚበዛበት ደግሞ ወዳጅ 0.9፣ የሚያውቀው 3.1 ሆነ። ማለትም ጸጥ ባለው መንገድ ላይ የሚኖረው ሰው መኪና በሚበዛበት ከሚኖረው ሦስት እጥፍ ወዳጅ አለው። ሰፈራችሁን በካርታ ላይ አክብቡ ሲባሉ፣ ጸጥ ባለው መንገድ ያሉት መንገዱን በሙሉ፣ የማዶውን ቤት ጭምር አከበቡ። መኪና የበዛባቸው ግን የያዟት ክብ ከሕንፃቸው አላለፈችም፤ ለአንዳንዱማ ከራሱ ቤት በር ወዲህ ቀረች። ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ከዚያ መንገድ እየለቀቁ ነበር። የቀሩትም ወደ መንገዱ ከሚያየው ክፍል ሸሽተው ወደ ጓሮ ክፍል ገብተው ነበር።

የጥናቱ ድካምም መነገር አለበት። የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ ተከራይ ይበዛል፤ ተከራይ ከባለቤት ይልቅ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በመኪና ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ የተገኘው ውጤት ወደዚያው ያዘነበለ ነበር። አፕልያርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ግሪክ፣ አቴንስ ውስጥ በፍጥነት ይነዳ የነበረ መኪና ገጭቶት ሞተ። ዕድሜውን የሰጠለት ጉዳይ ራሱን በላው።

በቀን 16,000 መኪና ሲባል ለጆሮ ከባድ ነው፤ ለዓይን ግን ምንም አያሳይም። ስለዚህ ወደ ደቂቃ እናውርደው። አብዛኛው መኪና የሚያልፈው ሰው በሚነቃበት አሥራ ስድስት ሰዓት ውስጥ ነው ብንል፣ በቀን 2,000 ማለት በደቂቃ ሁለት መኪና ነው። በሁለቱ መካከል ልጅ ኳሱን ይዞ ለመሮጥ፣ እናት ማዶ ላለችው ጎረቤቷ ነገር ለመጨረስ ጊዜ አለ። 8,000 ማለት በደቂቃ ስምንት ነው። 16,000 ማለት በደቂቃ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት፣ በየአራት ሴኮንዱ አንድ ነው። በአራት ሴኮንድ ውስጥ «እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ተብሎ አያልቅም። ማንም ሰው ስልኩን ይዞ ደጁ ላይ ለአሥር ደቂቃ ቢቆጥር የራሱን መንገድ ማወቅ ይችላል። ሃያ ገደማ ከሆነ ጸጥ ያለው ውስጥ ነው፤ ከመቶ ስድሳ ካለፈ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ባጃጁንም መቁጠር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ባጃጅን ያልቆጠረ ምንም አልቆጠረም።

መኪና ጉርብትናን እንዴት ነው የሚያጠፋው? አንድ መኪና አንድም ሰው አያጣላም። የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው ሳያስበው የሚገናኝባቸውን ትንንሽ አጋጣሚዎች አንድ በአንድ ይወስዳል።

መጀመሪያ የሚሄደው የማዶው ጎረቤት ነው። ከጎንና ከጎን ያለው ይቀራል፤ ግድግዳ ስለሚያገናኝ። ማዶ ያለውን ለማግኘት ግን መሻገር ያስፈልጋል። መሻገር ከባድ ሲሆን የሚሻገረው ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል፤ ያለ ጉዳይ «አቦ ጠፋሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ለማለት የሚሻገር አይኖርም። ጉርብትና ደግሞ የሚሠራው ያለ ጉዳይ በሚደረግ ነገር ነው።

ቀጥሎ ልጅ ይወሰዳል። ወላጅን ከወላጅ የሚያስተዋውቀው ልጅ ነው። ልጆች ተጣልተው ሲያለቅሱ እናቶች ይወጣሉ፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ በኋላ በሳቅ፣ ከዚያ በቡና ይተዋወቃሉ። ልጅ በር ላይ መጫወት ሲከለከል ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው ይላል፤ ስለዚህ እናቲቱ ልጇን ወደ ውስጥ ብትጠራ ትክክል ናት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰው አንድ ሜትር ተራርቆ በደህናው ሲያወራ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። መኪና የበዛበት መንገድ ዳር ከ70 ያልፋል። የሚገርመው፣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው መኪና እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ግማሹን መኪና ከመንገዱ ብናስወጣ የሚቀንሰውም ያው 3 ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ስለዚህ ጸጥታ የሚገኘው ቁጥርን በመቀነስ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትን፣ ክላክስን፣ የከባድ መኪናን ሞተር በመቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል።

አስፋልት ዳር በረንዳቸው ላይ አትክልት የሚሸጡ ሁለት ሴቶችን ጨዋታ ለተወሰነ ጊዜ ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዷ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ ትጀምራለች። ባጃጅ ሲያልፍ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። አይሱዙ ሲያልፍ ጭራሽ ታቆማለች፤ አፏ እንደተከፈተ፣ እጇም ሽንኩርቱ ላይ እንደሆነ ትጠብቃለች። ሲያልፍ ሌላዋ «ምን ነበር ያልሽው?» ትላለች። ሠርጉ ሲጀመርና ሲቆም፣ ሲጀመርና ሲቆም፣ ሲኖትራኩ ይመጣል፤ አቧራው ሲበርድ የሚያወሩት ስለ ቲማቲም ዋጋ ሆኗል። በዚያ መንገድ ላይ አጭር ወሬ እንጂ ረጅም ወሬ አይኖርም። የልብን ለማውራት ደግሞ ረጅም ወሬ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጋላ ውስጥ እንግባ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ ከጣሪያ ወርዳለች። ከአንዱ ቤት ሴትዮዋ በጆግ ውሃ ይዘው ወጥተው ደጃፋቸውን ይረጫሉ። ቀኑን ሙሉ የጋለው መሬት ውሃውን ቶሎ ይጠጣና የአፈር ሽታ ያወጣል። ሰሌን ይነጠፋል። ከጎን ያሉት ደግሞ የከሰል ምድጃ አውጥተው ባጊያ መጥበስ ይጀምራሉ፤ ልጆች ሳንቲማቸውን ጨብጠው ይከባሉ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ በሰሌኑና በምድጃው መካከል ማለፍ አለበት። ሰላም ሳይል ማለፍ አይችልም፤ መንገዱ ጠባብ ነው። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በሶማሊኛ ሰላም ብሎ ያልፋል። ባጃጅ ቢመጣ ጉራንጉሩ አፍ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ዕቃውን ይዞ ወርዶ በእግሩ ይገባል፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደገዛ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ይህ መተያየት አንዳንዴ ያስመርራል። ወጣት ሴት ልጅ ሆኖ በዚያ ጉራንጉር ማምሸት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌባ የማይገባበትም ግን ለዚሁ ነው።

የመጋላን ጉራንጉር ከከዚራ መንገዶች የሚለየው ታሪክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልቻለ፣ ሜዳው ላይ ቆሞ በ1895 ዓ.ም. አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 የሚጠጋ ላይ፤ በመካከል የደንገጎ ዳገት አለ። የባቡሩ ኩባንያ በባቡር ጣቢያው በለገሃር ዙሪያ ለሠራተኞቹና ለነጋዴዎቹ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶችን ቀየሰ፤ ዛፍም ተከለባቸው። ያ ከዚራ ሆነ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ያደገው ሰው ቤት በሠራ ቁጥር ነው፤ መንገዱ በቤቶች መካከል የተረፈው ቦታ ነው።

ከዚራ ያማረ ነው፤ በግንቦት ሙቀት ከመጋላ ገበያ ተነስቶ ከዚራ ዛፎች ስር የገባ ሰው የሚሰማውን እረፍት ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት ያ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ እዚያ ነው የሚያምረው። ግን እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጎረቤት አላቸው ወይ? ይህ ጥያቄ የአፕልያርድን ቁጥር ብቻ ይዘን ብንሄድ የሚጎድለንን ያሳያል። ብዙዎቹ የከዚራ ቅያሶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ መኪና አይበዛም፤ ጥላ አለ። ሆኖም ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ግቢ ኖሮት፣ በአጥር ታጥሮ ነው የተሠራው። ከዛፉ ስር የሚቀመጠው ሻይ ጠጪ፣ ሊስትሮ፣ ተማሪ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። መንገዱ የከተማው ሁሉ ሳሎን ነው፤ ለአጥሩ ባለቤት ግን ከሰፈርተኛው ጋር ዓይን ለዓይን የሚገናኝበት ደጃፍ የለውም። የመኪና ማነስ ብቻውን ጎረቤት አያመጣም። በሩ የት እንደሚከፈት፣ ሰው ምን ላይ እንደሚቀመጥም ይቆጠራል። በከተማችን ምርጡ ጥላ ያለው በሮች አብዝተው በተዘጉበት ነው፤ በሮች በተከፈቱበት መጋላ ደግሞ ዛፍ የለም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ሙቀቱን በቸልታ ማለፍ አይቻልም፤ ከተማዋ ድሬዳዋ ናት። አየሩ 35 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ፀሐይ የመታው ጥቁር አስፋልት 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ያንን ሙቀት ማታ ለደጁ ይመልሰዋል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለው አዲስ መንገድ ላይ ምሽት ሁለት ሰዓት ድረስ ደጅ መቀመጥ ያስቸግራል። ጠባብ ጉራንጉር ግን አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ስለሚሆነው መሬቱ ፀሐይ የሚያገኘው እኩለ ቀን አካባቢ ብቻ ነው። በአዳዲስ ሰፈሮች መንገድ ሲቀየስ ስፋቱ የሚታሰበው ወደፊት ለሚመጣው መኪና ነው፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ግን መንገዱን የያዘው ፀሐይ ነው። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ስፋቱ ፍጥነትን ይጋብዛል። ሾፌር የሚነዳው ምልክቱ በሚለው ሳይሆን መንገዱ በሚፈቅድለት ነው።

ስለ ጠባብ መንገድ ሲነሳ ሐረርን አለማንሳት አይቻልም። በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ጁገል፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ 48 ሄክታር ገደማ የሚሆን ከተማ ነው። በዩኔስኮ መዝገብ ውስጡ 82 መስጊዶች አሉት። ይህንን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ለእግረኛ ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙም አይነገርም። ቦታውን ለመስጊዶቹ እኩል ብናካፍለው ከአንዱ መስጊድ እስከ ሌላው ሰማንያ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማለትም ጁገል ውስጥ ለሶላት የሚወጣ ሰው መቶ እርምጃ ሳይሄድ በቀን አምስት ጊዜ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ሌላ ከተማ በስብሰባ የሚፈልገውን ትውውቅ እዚያ መንገዱና ሶላቱ በነፃ ይሰጡታል። አፎቻ የሚሉት የሐረሪዎች ዕድር ደግሞ ሠርግና ሐዘኑን ያስተሳስራል።

የሐረሪ ቤት ከመንገድ ሲታይ ግን ዝግ ነው። ግድግዳና በር እንጂ መስኮት እምብዛም አይታይም። ያ ከከዚራ አጥር በምን ይለያል? ልዩነቱ በሩ ሲከፈት የሚገባው ወደ አንድ ሰው ግቢ አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቤት የሚጋሩት ግቢ ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ከመንገድ ወደ ቤት አንድ ዕርከን አለ፤ ሁሉም የሚያልፍበት መንገድ ያልሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ብቻም ያልሆነ። ልጆች የሚያድጉት እዚያ ነው። ለጉርብትና ዋናው ቦታ ይህ መሀል ያለው ቦታ ይመስለኛል፤ የመጋላው ሰሌንም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ መንገዱን ለሁለት ሰዓት ያህል ግቢ ያደርገዋል።

ጁገል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድም ጸጥ ያለ አይደለም፤ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሆኖም የሚጮኸው ዕቃ ጀርባ የሚታወቅ ሰው ተቀምጧል። ዝም በል ሊባል ይችላል፤ ሊቀለድበት ይችላል፤ ጨርቅ ይዞ የመጣ ሰው ቆሞ ያወራዋል። የሚያልፍ መኪና ድምፅ ግን ባለቤት የለውም።

ጁገልን ግን ገነት አድርጎ መሳል ነዋሪውን መበደል ነው። ጠባብ መንገድ አምቡላንስ አያስገባም፤ ታማሚን ተሸክሞ ማውጣት አለ። የእሳት አደጋ መኪና ጉራንጉሩ አፍ ላይ ይቀራል። ቧንቧ ሲቋረጥ ቦቴ አይገባም፤ ጀሪካን በአህያ ወይም በትከሻ ነው የሚመጣው። ይህንን ችግር ቱሪስቱ ፎቶ ሲያነሳ አያየውም።

አስፋልት ዳርም ቢሆን ክፉ ብቻ አይደለም። ደጁን ሱቅ አድርጎ ልጆቹን ያስተማረ ብዙ ነው። ሌሊት ለታመመ ሰው ባጃጅ በሦስት ደቂቃ ይገኛል። አስፋልት ሲደርስ የቤት ኪራይ የሚጨምረውም ሰው ጥቅሙን ስለሚያውቅ ነው። ችግሩ ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ አለመውደቁ ነው። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ገንዘቡን ያገኛል፤ ከኋላ ተከራይታ ሕፃን የምታሳድገው ድምፁንና አቧራውን ትወስዳለች። አስፋልት ሲመረቅ የምትጠየቀው እሷ አይደለችም።

ድሬዳዋ ውስጥ መንገድ ሳይሆን መንገድ የሚመስል ሌላም ቦታ አለ፤ የደቻቱ አሸዋ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል። ዳሩ ላይ ቤት መሥራትም ርካሽ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ እንደ ተራ ወንዝ ቀስ በቀስ አይሞላም፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ዳገቱ ላይ የዘነበው በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ሕይወት ይጠብቃል፤ ቢሆንም ደቻቱ ዳር ቤት ለሚከራይ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ጎረቤት ሳይሆን ስለ ግንቡና ስለ ከፍታው መሆን አለበት። በዚያው ሐምሌ ነበር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው፤ ሐረር ስትደሰት ድሬ አለቀሰች።

እንግዲህ መንገድን ሁሉ ጉራንጉር ማድረግ አይቻልም፤ ከተማ ዋና መንገድ ያስፈልገዋል። የሚቻለው ዋናውን መንገድ ከሰፈር መንገድ መለየትና የሰፈሩን ፍጥነት መያዝ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፤ ሾፌሩ ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ድረስ መኪናው ያንን ያህል ተጉዟል። በ30 ግን 8 ሜትር ነው። ሲገጭ ያለው ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ 4 በመቶ ይጨምራል። ኮብልስቶን በዚህ ረገድ የሚናቅ አይደለም። አስፋልት አልደረሰንም እያሉ የሚያዝኑ ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ባጃጁን ራሱ ያዘገየዋል፤ በድንጋዮቹ መካከልም ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። በፍጥነት ለሚነዳበት መንገድ ግን አይሆንም፤ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲሮጥ ከአስፋልት ይበልጥ ይጮኻል። ቦታው የሰፈር ውስጥ ነው።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ ከተሠራ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሾፌሩ እዚያ ዝግ ብሎ፣ ካለፈ በኋላ የባከነበትን ጊዜ ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል፤ ከጉብታው ራቅ ብሎ ያለው ቤት ድምፁን ይቀበላል። ሰፈር ለቀበሌው ማመልከቻ ሲጽፍ «ጉብታ ይሠራልን» ከሚል ይልቅ በመንገዱ ርዝመት በየተወሰነ ርቀት እንዲደገም ቢጠይቅ ይሻላል። ከባድ መኪና በሰዓት ተወስኖ እንዲገባ መጠየቅም ይቻላል። ዛፍም እንዲሁ፤ ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ በድሬ ሙቀት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ማን ያጠጣዋል የሚለው ግን ከመተከሉ በፊት በስም መወሰን አለበት። ደጃፉ ላይ የተተከለለት ሰው እንዲያጠጣ ከተደረገ ይጸድቃል፤ የሁሉም ነው ከተባለ ይደርቃል።

ቤት ለሚከራይም አንድ ነገር ልበል። ደላላ ቤት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰዓት። ቤቱን ወደውት ከሆነ ሦስት ጊዜ ተመልሰው ይዩት። ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት፣ ልጅ ብቻውን መሻገር ይችል እንደሆነ ለማየት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደጅ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ለማየት፤ ሰሌን ያለበት ሰፈር ውስጥ ሦስት ሴቶች «ማን ነዎት፣ ማንን ፈልገው ነው?» ካሉዎት ጥሩ ምልክት ነው። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ መኝታ ቤት የሚሆነው ክፍል ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ይቁሙ። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስታወቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አልጋው ወደ ጓሮው ክፍል ይሂድ፤ የጓሮ ክፍል ከሌለው ሌላ ቤት መፈለጉ ይሻላል።